ያልተሰማኝ እጅ

ሕመሜን መጀመሪያ ያሳወቀኝ ጣና ነው። ጠዋት ከሩጫ በኋላ ሐይቁ ዳር ቁጢጥ ብዬ ፊቴን ስታጠብ ውኃው ግራ እጄን አቀዘቀዘው፤ ቀኝ እጄ ግን ምንም አላለኝም። ተኝቼበት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ቆይቶ የሸሚዜን ቁልፍ መቆለፍ አቃተኝ። ለባለቤቴም ለሐኪምም አልተናገርኩም። ከሐይቁ ብዙ በማይርቀው ግሽ አባይ ሰፈር በተከራየሁት አዳራሽ ትግል የማስተምር፣ "ማስተር" የምባል ሰው እጄ ደነዘዘ ልበል? ኩራቴ አልፈቀደልኝም።

የማስተምረው ባላጋራን መሬት ላይ ይዞ መቆለፍና ማነቅን ነው። የተያዘው ሰው ሲበቃው የያዘውን በእጁ መታ መታ ያደርገዋል፤ ያዡም ወዲያው ይለቃል። እኔ የራሴን ሕግ ጨምሬበት ነበር፤ በልምምድ ጊዜ ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው።

ትርንጎ የዘጌ ልጅ ናት፤ ከተማሪዎቼ ሁሉ የበረታች። ለሴቶች ማስተማር ልትጀምር አንድ ወር ቀርቷት ነበር። ክርን መቆለፍን ላሳይ እሷን ያዝኩ። እግሬ አፏ ላይ ነበር። ቀኝ ክንዴን መታች። አልተሰማኝም። ደግማ መታች። አልለቀቅኩም። ተማሪዎቹ አይተዋል። ማስተር የሚያሳየን ነገር አለ ብለው ዝም አሉ። ክርኗ ሲወልቅ ድምፁን ሰማሁ።

"መታሁ እኮ!" አለች እያለቀሰች። "ማስተር፣ መታሁ እኮ!"

ሆስፒታል ይዣት ሄድኩ። ቅጽ ስሞላ እስክሪብቶው ሁለቴ ከእጄ ወደቀ። ሐኪሙ አየኝና እኔንም መረመረኝ፤ ኤምአርአይ አዘዘ።

"የአንገትዎ ዲስክ ተንሸራቶ ሕብለ ሰረሰርዎን ተጭኖታል። ስንት ጊዜ ሆነዎት?"

"ሁለት ወር።"

"ሁለት ወር ሙሉ ዝም አሉ?"



ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሳምንታት በአንገት ደጋፊ ቆየሁ፤ ከዚያ ፊዚዮቴራፒ ጀምሬ ሩዝ ከሞላበት ሳህን ውስጥ ሽምብራ በጣቴ እየዳበስኩ ማውጣት ስማር፣ ትርንጎም እዚያው ክፍል፣ ከእኔ ሁለት ወንበር ርቃ፣ ክርኗን ለመዘርጋት ትታገል ነበር። እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልተዘረጋላትም። ማስተማሯም ቀረ። ይህን ስጽፍ ልቤ ይደማል።

ሐኪሞቼንና ሸሚዜን ሳትታክት የቆለፈችልኝን ባለቤቴን አመሰግናለሁ። እጃችሁ የደነዘዘ ሁሉ፣ በተለይ ሥራችሁ ሰው መያዝ የሆነ፣ አፍራችሁ አትደብቁ፤ ዛሬውኑ ተናገሩ። የእኔን ዝምታ ዋጋ የከፈለችው ሌላ ሰው ናት።

ባለፈው ሳምንት ትርንጎ ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ቀኝ ክንዴን ባልዳነው እጇ ይዛ በደህናው መታ መታ አደረገችው።

"አሁንስ ተሰማዎት?"

አዎ ብዬ ላስደስታት ፈልጌ ነበር።

"አልተሰማኝም፣ ትርንጎ።"

ትንሽ ከፍ አድርጋ መታች። አሁንም አልተሰማኝም፤ ነገርኳት። ክርኔን ወደ ላይ አልፋ ስትመታኝ "እዚህ ጋ ተሰማኝ" አልኳት።

ወዲያው ለቀቀችኝ።