የሐሙሱ ሴሚናርና የአባቴ ሱቅ

ባለፈው ሳምንት አብነት ሰፈር ታክሲ ስጠብቅ ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና ለመምህራን በሚያዘጋጀው የኮምፒውተር ምርምር ሴሚናር ላይ ንግግር እንዳደርግ ይጋብዘኛል። ታክሲው መጣ፣ ሞላ፣ ሄደ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

በእኛ ጊዜ ሴሚናሩ ሐሙስ ከሰዓት ነበር። ከክፍሉ ኋላ ሳምቡሳና ሻይ ይደረደራል፤ ፊት ለፊት አንድ ተማሪ ቆሞ ይታረዳል። አራጁ የጥናቴ አማካሪ የሆኑት ፕሮፌሰር ነበሩ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም፤ ሰው የሚያዋርዱት ፈገግ ብለው ነው። እኛም አብረን እንስቅ ነበር።

የኔ ጥናት ስለ እሳት ነው። ያደግኩት መርካቶ፣ አባቴ ብርድ ልብስ በሚሸጥበት ተራ ውስጥ ነው። ሱቆቹ ከመጠጋጋታቸው አንዱ ሲያስነጥስ ጎረቤቱ ከግድግዳው ማዶ ይማርህ ይላል። በበጋ ቆርቆሮው ሲግል የአዲስ ጨርቅና የፕላስቲክ ሽታ ጉሮሮ ይይዛል። እዚያ እሳት ቢነሳ ከየት ወደ የት እንደሚዛመት የሚያሰላ ፕሮግራም ሠራሁ።

ሳቀርብ ፕሮፌሰሩ ሳምቡሳቸውን ጨርሰው እጃቸውን ጠረጉ።

“በምን ታረጋግጠዋለህ? መርካቶን ታቃጥልልናለህ?”

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ቤት ስገባ ለአባቴ “ማስረጃ አምጣ አሉኝ” አልኩት። “አምጣላቸዋ!” አለኝ፣ ቀላል ነገር መስሎት።

በጥር፣ ነፋሱ አቧራ በሚያነሳበት ሰሞን፣ ተራችን በጠራራ ፀሐይ ነደደ። የእሳት አደጋ መኪናው በጠባቡ መንገድ መግባት አቅቶት አስፋልቱ ላይ ቆሞ ይጮሃል። አባቴ አንድ እስር ብርድ ልብስ ተሸክሞ ወጣ፤ ሊመለስ ሲል ሰዎች ወገቡን ይዘው አስቀሩት። የሰው ሕይወት አልጠፋም። ከሱቃችን ግን የተረፈው አመድና የተጣመመ ብረት ነው።

ብዙም ሳይቆይ ፕሮፌሰሩ ደወሉልኝ። አይዞህ ሊሉኝ መስሎኝ ነበር።

“እንኳን ደስ አለህ! ማስረጃህ መጣ። ሐሙስ ታቀርባለህ።”

ሄድኩ። ዲግሪዬ በእሳቸው እጅ ነበር። የኔ ስሌትና በእውን የተቃጠለው ግድግዳው ላይ ተደራርበው ሲታዩ ሊገጥሙ ምንም አልቀራቸውም። ፕሮፌሰሩ ተነሥተው አንዷን ቦታ በእስክሪብቶ ነኩ።

“ይህቺ ብቻ አምልጣሃለች። አትቃጠልም ብለህ ነበር።”

“የአባቴ ሱቅ ነው፣ ፕሮፌሰር።”

ፕሮፌሰሩ እስክሪብቶውን ኪሳቸው ከተቱ።

“ጥሩ ነዋ” አሉ ፈገግ ብለው። “መረጃ ፍለጋ ሩቅ አትሄድም።”

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሌሎቹ ተከተሉት። ከዚያ ሻይ ተቀዳ።

ስመለስ አባቴ ፊቱ በጥላሸት ጠቁሮ ከአመዱ ውስጥ መደርደሪያ ይጎትታል።

“ዛሬስ ምን አሉህ?”

“ልክ ነህ አሉኝ፣ አባዬ።”

ብረቱን ጥሎ “አልሐምዱሊላህ!” አለና ግንባሬን ሳመኝ። ለጎረቤቶቹም ጮክ ብሎ ነገራቸው። የተቃጠለ ዕቃቸውን እንደያዙ እንኳን ደስ አለህ አሉኝ።

አባቴ ሱቁን ዳግም ሳይከፍት፣ በሰው መደብር ተቀጥሮ ኖሮ አረፈ። እኔ በዚያው ጥናት ተመረቅኩ።

ለግብዣው እስካሁን መልስ አልሰጠሁም። ጋባዦቹ ወጣቶች ናቸው፣ ምንም አልበደሉኝም። ያን ክፍል ሳስበው ግን ከፕሮፌሰሩ ፊት ይልቅ የሚመጣብኝ ሳቁ ነው። የሳቁት ጓደኞቼ ነበሩ፤ የአንዳንዶቹን ሠርግ አጅቤያለሁ፣ ልጆቻቸውንም አውቃለሁ። እንገናኛለን፣ የድሮውን እናወራለን። ያን ሐሙስ የሚያስታውስ ሰው ግን ከመሃላቸው አላገኘሁም።