በቾፕስቲክ የተዘረጋው ጉርሻ

ሆምጣጤ በሸተተኝ ቁጥር ወንድሜ ያሬድ ፊቴ ድቅን ይላል። ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም። ስለ እሱ ልጻፍ ብዬ ስቀመጥ የመጨረሻውን ጊዜ መጻፍ ያቅተኛል። ስለዚህ ወደ ልጅነታችን ልሂድ። ያን ጊዜም ታሞ ነበር፤ ግን እዚያ ይሻለኛል።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ቶሮንቶ፣ ክሬሰንት ታውን ነበር የምንኖረው። አባታችን ገና ካርቱም ነበር። እናታችን የአረጋውያን መጦሪያ ታጸዳለች፤ ሺፍቷ ከሰዓት ነው። ከትምህርት ቤት ስንመለስ የሚያቆዩን ጎረቤታችን ሚስስ ኖዳ ነበሩ፤ ባላቸው የሞቱባቸው ጃፓናዊት። የልጅ ልጆቻቸው ጃፓንኛ አንማርም ስላሏቸው መሰለኝ፣ እኛን ማስተማር ጀመሩ። ጫማችንን አውልቀን አፍንጫውን ወደ በሩ እናዞራለን። ወረቀት አጥፈን ጀልባና ሳጥን እንሠራለን። ከመብላታችን በፊት መዳፋችንን አጋጥመን «ኢታዳኪማስ» እንላለን።

እናቴ ቤት ውስጥ ስንለው ሰማችንና፣ «ደግሞ ይኼ የማን ጸሎት ነው?» አለች።

«ጸሎት አይደለም እማዬ። ስለ ምግቡ ማመስገን ነው» አላት ያሬድ።

«የሠራሁት እኔ! እስቲ እኔን አመስግነኝ!»

ያሬድ ኩላሊቱን ታሞ ፊቱ አብጦ ነበር፤ እግሩ ግን ቀጭን። ሐኪሞቹ ጨው ከለከሉት። ጨው የሌለው ወጥ አፉ አልገባ አለ። እናቴ ትለምነዋለች፣ ትቆጣዋለች፣ ከዚያ ታለቅሳለች። ካልበላ ሆስፒታል እንደሚያስተኙት ነግረዋታል።

ሚስስ ኖዳ ቤት ግን ይበላ ነበር። ሩዙን ሆምጣጤ ነካ አድርገው ይሰጡታል፣ በቾፕስቲክ፣ በሁለቱ ቀጫጭን የመብያ እንጨቶች፣ ማንሳቱም ጨዋታ ሆነለት። እኔ ሁልጊዜ ይወድቅብኛል።

«አንተን የሚያዋጣህ አካፋ ነው» ይለኛል።

አንድ ቀን ደክሞት ሩዙን ተወው። ላጎርሰው ብዬ በቾፕስቲኬ አንስቼ ዘረጋሁለት። እሱ አፉን ከመክፈት ይልቅ እየሳቀ በራሱ ቾፕስቲክ ከእኔው ላይ ሊቀበለኝ ሞከረ። ሚስስ ኖዳ ጮኸው እጃችንን መቱን። ሩዙ ጠረጴዛው ላይ ተበተነ። ሲጮኹ ሰምተናቸው አናውቅም። ቆይተው ቀስ ብለው ነገሩን። በአገራቸው ሬሳ ከተቃጠለ በኋላ ዘመዶች አጥንቱን እንዲህ ነው የሚቀባበሉት፣ ከቾፕስቲክ ወደ ቾፕስቲክ። በምግብ አይደረግም።

ያሬድ ለእናታችን ነገራት። ፊቷ ተለወጠ።

«በታመመ ልጄ ላይ? ሬሳ? አጥንት? ሁለተኛ ያንን ቤት አትረግጡም!»

የሚያቆየን ስለሌለ በማግስቱ ሥራ ቀረች። በሚቀጥለውም ቀን። ያሬድ ደግሞ ጨርሶ አፉን ዘጋ። ሥራዋን እንዳታጣ ፈራች፣ ልጇን እንዳታጣ ፈራች... አላውቅም የትኛው በለጠባት። አውቃለሁ እንጂ።

ከዚያ ሚስስ ኖዳ በራችንን አንኳኩ። በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን ይዘዋል። እናቴ በሩን ይዛ ቆመች።

«ምን እንደሚሉ ጠይቃቸው» አለችኝ። የእንግሊዝኛ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ።

«ለእሱ ፈርቼ ነው የመታኋችሁ ይላሉ» አልኳት።

«እኔስ ለማን ነው የምፈራው?» አለች። ይሄን አልተረጎምኩም። ከበሩ ዞር አለችላቸው።

ሚስስ ኖዳ ጫማቸውን አውልቀው ያሬድ አጠገብ ተቀመጡ። ሩዙ በእጅ የተድቦለቦለ ነበር። ቾፕስቲክ አላመጡም። በጣታቸው ቆረሱና፣ እንደ እኛ፣ ወደ አፉ አቀረቡ። እጃቸውን እንደዘረጉ ቆዩ። ያሬድ እናታችንን አየ።

«ጉረስ እንጂ! ሴትዮዋ እኮ እጃቸው ደከመ» አለችው።

ጎረሰ። እናቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ዛሬ የያሬድ ልጆች ሱሺ፣ ያንኑ የሆምጣጤ ሩዝ፣ በስልክ ያዛሉ፤ የየዓይነቱን ስም ከእኔ በላይ ያውቁታል። ሚስስ ኖዳ ከሞቱ ቆዩ። ባለፈው ዊንተር ያሬድ እንደገና መብላት ሲያቆም፣ እናታችን እንዲህ ሆኖ እንዳታየው ከለከለ። አልጋው አጠገብ እኔ ብቻ ነበርኩ። በልጅነቱ እሱን ያስበሉት ሁለት ሴቶች አንዷ የሌላዋን ቋንቋ አታውቅም ነበር። እኔ አማርኛውም እንግሊዝኛውም ነበረኝ። ጉረስ ብዬ በሁለቱም ለመንኩት፤ አልጎረሰም።