የአክስቴ ምስክርነት

መጽሐፍ በማንበብ ከጂንካ እስከ ካንጋተን የሚስተካከለኝ የለም። ወፍራም ልብወለድ ከቁርስ እስከ ምሳ እጨርሳለሁ። ይህቺ መዳፍ የማትሞላ መጽሐፍ ግን ክረምቱን ሙሉ ፈጀችብኝ። አንዲት ሴት የገዛ የአእምሮ ሕመሟን የጻፈችባት ናት። ሁለት ገጽ አነብና እወረውራታለሁ፤ ሄጄ አነሳታለሁ፤ ደግሞ እወረውራታለሁ። ሰው ሁሉ ዳንሽ ብሎ ሲያጨበጭብላት እንደገና መታመም እንዳሳፈራት የጻፈችው ላይ ስደርስ፣ አክስቴ ዘነበች ከነስፌት መኪናዋ ፊቴ ቁጭ አለች።

ልጅ እያለሁ የጂንካን ተማሪ ግማሹን ዩኒፎርም ያለበሰችው ዘነበች ነበረች። ቤቷ የማሽን ዘይትና የአዲስ ካኪ ሽታ ነበረው። ላም በሚግጥበት አውሮፕላን ሜዳ ላይ ኳስ ስጫወት የቀደድኩትን ሱሪ እናቴ ሳታይ ትሰፋልኝ ነበር። "ና አንተ ጅብ፣ ዛሬም ቂጥህን ለላሞቹ አሳየህ?" ትለኛለች።

ከዚያ እንቅልፍ አጣች። ግድግዳው ይሰድበኛል አለች። አባቴ አርባ ምንጭ ወስዶ አሳከማት፤ በክኒኑ ተሻላት፣ ተረቧም ተመለሰ። የቤተክርስቲያኗ ጉባኤም ሲጸልይላት ከርሞ ነበርና እሁድ መድረክ ላይ አወጧት። "እህታችን፣ ጌታ ያደረገልሽን መስክሪ" አሏት። ድኛለሁ ብላ መሰከረች። እልልታው የማጎ ፓርክን ዝሆኖች ሳያስደነብር አልቀረም።

በማግስቱ የቤተክርስቲያኑ ሽማግሌ ቤቷ መጡ፤ ክኒኑን አዩ።

"ገና ትውጫለሽ እንዴ ዘኒ?"

"ሐኪሙ እንዳታቋርጪ ብሎኛል ጋሼ።"

"ታዲያ ትናንት ጉባኤ ፊት የተናገርሽው ውሸት ነበር?"

ከዚያ ወዲያ አልዋጠችም።

ብዙም ሳይቆይ ግድግዳው ስድቡን ቀጠለ። ያጨበጨቡላት ሰዎች "እምነቷ ጎደለ" አሉ። ሥራ የሚሰጣት ጠፋ፤ የሰፋችላቸው ልጆች በሯ ላይ ሲደርሱ ይሮጡ ጀመር። እንደዚያው እንደታመመች አረፈች።

ጸሎቱ አላናደደኝም፤ እናቴም ጸልያለች። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ያ ጥያቄ ነው። የጠየቋት ሰውዬ እኮ ወባ ሲነካቸው ክኒኑን ከነማሸጊያው ለመዋጥ የሚደርሱ ነበሩ።

ዛሬ ለዚያ ክኒን አርባ ምንጭ ድረስ መንገላታት ቀርቷል። እኔም በየስብሰባው የአእምሮ ሕመም እንደ ማንኛውም ሕመም ነው እያልኩ ጠረጴዛ እደበድባለሁ። መጽሐፏን ያነበብኳት ግን ሽፋኗን በጋዜጣ ጠቅልዬ ነው። በቀደም ወደ ቀይ አፈር ከተማ ስሄድ፣ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው "ወንድሜ፣ እንዲህ የመሰጠህ ምንድን ነው?" ሲለኝ፣ ስለ ዶሮ እርባታ ነው አልኩት።