የማሽናችን የውሃ ተራ

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። እንጅባራ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ ከታላቅ ወንድሜና ከእናቴ ታናሽ ወንድም ጋር የኮምፒውተር ቤት ነበረን። ቤት ማለቴ አንድ ክፍል ነው፤ ግድግዳውን ተከትለው የተደረደሩ ስክሪኖች፣ ጥጉ ላይ ደግሞ ሁሉንም የሚያንቀሳቅስ አንድ ማሽን። እሱን "ሰርቨር" ብለን ነበር የምንጠራው። ሲገዛ ግን ተራ ያገለገለ ኮምፒውተር ነበር፤ ሹመቱን የሰጠነው እኛ ነን።

ይህን ሙያ ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም። የማውቀውን ያወቅሁት እየነካካሁ፣ እያበላሸሁ፣ ያበላሸሁትን ደግሞ ወንድሜ ሳያይ እያቃናሁ ነው። የስልኬ ኔትወርክ ከደጃችን ፊት ለፊት ካለው የመብራት ምሰሶ ሥር ካልሆነ አይሠራም። ስለዚህ ሰፈሩ ሁሉ በዚያ በእንጅባራ ዝናብ ጃንጥላ ዘርግቼ፣ ስልክ ላይ አቀርቅሬ ስስቅ ያየኝ ነበር። "ይቺ ልጅ አንድ ሰው ይዛለች" ይሉኝ ነበር አሉ። እኔ የማነበው ሰርቨራችንን ስለሚያሠራው ሊኑክስ ስለሚባል ሥርዓት ነው።

ማሽኑ ሁለት ዋና ሥራ ነበረበት። አንደኛው እኔ ያሰናዳሁት የተማሪዎች መለማመጃ ነው። ለአስረኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጁ ልጆች እየመጡ ጥያቄ ይሠሩበታል፤ ማሽኑ ወዲያው ያርምላቸዋል። ሁለተኛው የአጎቴ ነው። አጎቴ የሰርግ ቪዲዮ ይቀርጻሉ። ከግምጃ ቤት ከተማ እስከ አዲስ ቅዳም ሙሽራ ባለበት እሳቸው አሉ። ቀርጸው ያመጡትን ይቆርጣሉ፣ ይቀጥላሉ፣ ዘፈን ይገጥሙለታል፤ በመጨረሻ ማሽኑ አንድ ወጥ ፊልም አድርጎ እንዲያወጣው ያዝዙታል። መዘዙ ያለው እዚህ ላይ ነው። ማሽኑ ያንን ሲጀምር ሌላውን ሁሉ ይረሳል።

ጥር ሲገባ ሰርጉም ይበዛል፣ ልጆቹም ለፈተና መጨነቅ ይጀምራሉ። አጎቴ ፊልም ማውጣት ሲጀምሩ የልጆቹ ስክሪን ሁሉ ቀጥ ይላል።

"እትዬ፣ ደግሞ ሙሽራዋ ገባች!" ይላል አንዱ።

"እልል በሉ እንግዲህ፤ ምን ታረጋላችሁ!" ትላለች ሌላዋ። ከኋላ ያሉት በአዊኛ የሆነ ነገር ይባባላሉ፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል።

ወንድሜ ግን አይስቅም። የቤቱ ኃላፊነት በእሱ ላይ ስለሆነ ልጆቹ ሰልችቷቸው እንዳይቀሩ ይሰጋል። አንድ ቀን ጎትቶ ወደ ጥግ ወሰደኝና፣ "አጎታችን ሌላ ቦታ ይፈልጉ። እዚህ አብሮ አይሄድም" አለኝ።

"ሌላ ቦታ የት?"

"እኔ ምን ላድርግ? ወይ ሙሽራ ወይ ተማሪ። አንዱን ምረጪ።"

አጎቴ በሩ ላይ ሆነው ሰምተውት ኖሯል። ኮፍያቸውን አስተካከሉና፣ "ምን ያስመርጣታል? ዳንግላ ሰው አለኝ። ዳንግላ እሄዳለሁ" አሉ።

አባቴ ሲሞቱ ከግምጃ ቤት ገጠር አምጥተው ያሳደጉኝ አጎቴ ናቸው። የመጀመሪያዋን ማውዝ በእጄ ያስያዙኝም እሳቸው፤ "እንደ ጫጩት ያዣት፣ አትጨፍልቂያት" እያሉ። እሳቸው ተቀይመው ከዚያ ቤት ከወጡ እኔ ከዚያ ማሽን ጋር ምን ፊት ይዤ እቀመጣለሁ?

ከምሰሶው ሥር ሳነበው የከረምኩት ነገር ግን ነበር። በማግስቱ ሁለቱንም አስቀምጬ፣ "ኮንቴይነር የሚባል ነገር አለ" አልኳቸው።

"መንገድ ዳር የሚቆመው የብረት ሱቅ?" አለ ወንድሜ።

"አይደለም። ማሽኑ ውስጥ ነው። የገጠሩን ቤታችንን አስቡት። ጣሪያው አንድ፣ ምሰሶው አንድ፤ መካከሉ ግን በቀርከሃ ተከፍሏል። ጥጃው በዚያ፣ እህሉ በዚህ። ጥጃው ከግድግዳው ወዲያ እህል መኖሩንም አያውቅም። ለእያንዳንዱ ሌላ ቤት መሥራት ግን አላስፈለገም። ማሽኑንም እንደዚያ መክፈል ይቻላል።"

አጎቴ ቀና አሉ። "እና እኔ ጥጃው ነኝ?"

"ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ እህሉ ነዎት።"

"እንግዲያ ጥጃው ተማሪው ነው። መጮሁስ ይጮሃል" አሉና ትንሽ ፈገግ አሉ።

ያረጀ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ገልብጬ በጀርባው ዕቅዴን ጻፍኩ። መጀመሪያ እያንዳንዱን ሥራ በየክፍሉ ማስገባት። ክረምት ሲገባ ሥራውን ከሚያስኬደው ፕሮሰሰርና ሥራው ከሚያርፍበት ሜሞሪ ለየክፍሉ ድርሻ መወሰን። ለሚመጣው ዓመት ደግሞ፣ ሁለተኛ ማሽን ሲኖረን፣ ክፍሉን ከነዕቃው አንስቶ እዚያ መትከል። ኮንቴይነር ደግነቱ ይሄ ነው፤ ለሥራው የሚያስፈልገው ሁሉ አብሮት ስላለ አዲሱ ማሽን ላይ ሀ ብሎ መጀመር የለም።

"የሌለን ማሽን ላይ?" አለ ወንድሜ።

"ዕቅድ እኮ ነው። ያለህን ብቻ ከጻፍክ ቆጠራ ሆነ።"

"በይ ሞክሪ" አለኝ። "እስከ ጾሙ መግቢያ ነው የምታገሥሽ።"

ክፍሎቹን አበጀሁ። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ግድግዳ ብቻውን ሆዳም አይከለክልም። አጎቴ ፊልም ሲያወጡ ልጆቹ እንደ ድሮው ቀጥ አሉ። ክረምትን መጠበቅ ስላልተቻለ ሁለተኛውን ደረጃ ያኔውኑ ጀመርኩት። ድርሻውን ስወስን ያደረግሁት ነገር ደግሞ የቤተሰባችን ልማድ ነው። እኛ ዘንድ መሬት ሲከፈል ወንድም ወንድሙን እንዳያማ በገመድ ተለክቶ እኩል ነው የሚከፈለው። እኔም ፕሮሰሰሩን ግማሹን ለተማሪ፣ ግማሹን ለሙሽራ ሰጠሁና ዘጋሁት። አንዱ የሌላውን ጫፍ እንዳይነካ።

በሥራ ቀን ሠራ። ልጆቹ ያለ ጩኸት ጥያቄያቸውን ሠሩ፤ ወንድሜ እንኳ ሲያፏጭ ሰማሁት። እኔም ጨረስኩ ብዬ ተዝናናሁ።

እሑድ ረፋዱ ላይ የአንዲት ሙሽራ ወንድም ከአዲስ ቅዳም ፊልሙን ሊወስድ መጣ። ከሰዓት ቅልቅል ነው፤ ቲቪ ተሰቅሎ፣ ዘመድ ተጠርቶ ይጠብቃል። አጎቴ ደግሞ ሰዓቱን ያሰሉት በድሮው የማሽኑ ፍጥነት ነበር። ፊልሙ ገና እኩሌታው ላይ ነው። ሰውየው ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ እግሩን አወዛወዘ።

"ጋሼ፣ ይሄ ነገር ሙሽሮቹ ስንት ልጅ ከወለዱ በኋላ ነው የሚያልቀው?"

አጎቴ ላብ በላብ ሆኑ። ሰውየው በመጨረሻ ባዶ እጁን በሚኒባስ ተመለሰ። አጎቴ ባዶዎቹን ወንበሮች አንድ በአንድ አዩ፤ እሑድ ስለሆነ አንድም ተማሪ አልነበረም።

"ግማሹ ማሽን ማንን ነው የሚጠብቀው?" አሉኝ።

"የልጆቹ ድርሻ ነው፣ ጋሼ።"

"ልጆቹ የታሉ?"

ስክሪኑ ላይ ያሰፈርኩትን ድርሻ ደግሜ አየሁት።

"አባትሽ የውሃ አባት ነበሩ። ተረኛው ካልመጣ ውሃውን ገደል ይለቁት ነበር?" አሉና ፊልሞቻቸው ያሉበትን ሃርድ ዲስክ ነቅለው በፌስታል ጠቀለሉ። "ነገ ዳንግላ ነኝ። ሰፊ ቦታ ይሁንላችሁ።" ወጡ።

ንግግራቸው አቃጥሎኛል፤ ግን እውነታቸውን ነበር። በመንደራችን የመስኖ ውሃ በተራ ነው። ተራውን የሚያስከብር አንድ ሽማግሌ ይመረጣል፤ የውሃ አባት ይባላል። አባቴ እስኪሞቱ ድረስ እሳቸው ነበሩ። የእሳቸው ሕግ ቀላል ነው፤ ተራው የማን እንደሆነ ይታወቃል፣ ባለተራው ካልመጣ ግን ታች ያለው ያጠጣል። ባለተራው ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ ብቅ ሲል ታች ያለው ያለ ጭቅጭቅ ይለቅቃል። እኔ ያንን ሁሉ እያየሁ አድጌ፣ ማሽኑን እንደ መሬት በገመድ ለካሁት። ፕሮሰሰር መሬት አይደለማ! የዛሬው ፍሰት ዛሬ ካልተጠቀሙበት ለነገ አይቀመጥም።

ወደ ምሰሶዬ ወጣሁ። ሳነብ ለካስ ያ ሕግ ማሽኑም ውስጥ አለ። ድርሻን ቆልፎ ከመዝጋት ይልቅ ክብደት መስጠት ይቻላል፤ ክብደቱ የሚሠራው ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሲፈልጉ ብቻ ነው። ለተማሪዎቹ ከበድ ያለውን ሰጠሁ፣ ለፊልሙ ቀለል ያለውን፤ አንዱ ከሌለ ሌላው ሁሉንም ይጠጣ። ሜሞሪውን ግን በወሰኑ ተውኩት። እሱ ጠባዩ የመሬት ነው፤ አንዴ የያዘው በዋዛ አይለቅም።

ከዚያ አጎቴ ቤት ሄድኩ። የካሜራቸውን መቆሚያ በገመድ እያሰሩ አገኘኋቸው።

"የአባቴን ሕግ አስገብቼለታለሁ። ነገ ሳይሄዱ መጥተው ይዩት።"

"ማን ፈቅዶልሽ?"

"እርስዎ ሰድበውኝ ነዋ።"

አልሳቁም፣ እሺም አላሉኝም። ግን ሰኞ ጠዋት ፌስታሉን እንደያዙ መጡ። ሃርድ ዲስኩን ሰኩ፣ ማሽኑ ፊልሙን እንዲያወጣ አዘዙት፤ ቤቱ ባዶ ስለነበር ማሽኑ በድሮው ፍጥነቱ ይነዳው ጀመር። ትንሽ ቆይቶ ትምህርታቸው ከሰዓት በኋላ የሆነ ተማሪዎች እየተጋፉ ገቡ። ወንድሜ ሥራውን ትቶ ቆሞ ያያል። የልጆቹ ስክሪን አልቆመም። የአጎቴ ፊልም ዝግ አለ፤ ዝግ አለ እንጂ አልተኛም።

"እትዬ፣ ዛሬ ሙሽራዋ አልገባችም?" አለ ያ ልጅ።

"ገብታለች" አሉ አጎቴ። "ጥጓን ይዛ ቁጭ ብላለች። ምሳህ ሲደርስ ውጣላት።"

ልጆቹ ለምሳ ሲወጡ ፊልሙ አለቀ። አጎቴ ራሳቸው አዲስ ቅዳም ወስደው አስረከቡ፤ ይቅርታ ሊጠይቁ ሄደው ጠግበው ተመለሱ። ከመናኸሪያው ቀጥታ ወደ ሱቁ መጥተው ኮፍያቸውን በቦታው ሰቀሉ። ዳንግላን ማንም አላነሳውም። ወንድሜ ያችን የቀን መቁጠሪያ ከመሳቢያ አውጥቶ ዕቅዱ በሚታይበት በኩል ግድግዳው ላይ በሚስማር መታት።

በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛው ማሽን መጣ። ሦስተኛውን ደረጃ ሌላ ከተማ ሁለተኛ ቤት ከፍቶ የሚጀምርልን ማን ይሁን ስንባባል አጎቴ፣ "ዳንግላ ሰው አለኝ ብዬ አልነበር?" አሉ። ያን ቃል እንደገና ሰማሁት፤ አሁን ግን ቅያሜ አልነበረበትም። ሁለቱንም ክፍሎች ከነዕቃቸው ገልብጬ አዲሱ ማሽን ላይ ተከልኩላቸው። ማሽኑን በጋቢ ጠቅልለው፣ ሚኒባስ ውስጥ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ሄዱ።

ዳንግላ ላይ ቤት ተከራዩ። በመጀመሪያው ቀን ያስነሱት የተማሪዎቹን ክፍል ነው። ለሰፈሩ ልጆች ከፈቱላቸው፤ የሰርጉን ፊልም የጀመሩት ልጆቹ ወደ ቤታቸው ከሄዱ በኋላ ነው።