ከግማሽ በታች የጠፋው ውል

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ላይ፣ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ከአስፋልቱ ገባ ብላ በምትገኝ አንዲት የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ቤቷ ጠባብ ናት። አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት የጽሕፈት መኪና፣ ለደንበኞች አንድ አግዳሚ ወንበር፣ በመስኮቱ ሥር ደግሞ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ሌዘር ፕሪንተር ነበራት። ፕሪንተሩ ከአንድ የተዘጋ ቢሮ በጨረታ የተገዛ አሮጌ ዕቃ ነው። ቢሆንም በሰፈሩ እንደሱ ጥርት ያለ ጽሑፍ የሚያወጣ ሌላ ስላልነበረ፣ ማመልከቻ የሚያስጽፈውም የሠርግ ጥሪ የሚያሠራውም ወደ እኛ ይመጣ ነበር።

የቤቷን ባለቤት እትዬ ነበር የምላቸው። በፕሪንተሩ አጠቃቀም ያሠለጠኑኝ እሳቸው ናቸው፤ ሥልጠናውም ከግማሽ ሰዓት አልበለጠም። ጽሑፉ መደብዘዝ ሲጀምር የቀለሙን ዕቃ አውጥቼ በሁለት እጄ ግራና ቀኝ እወዘውዘዋለሁ፤ ጥቂት ቀን ያቆየኛል። ገጹ ላይ ከላይ እስከ ታች ጥቁር መስመር ከወጣ ውስጡን በደረቅ ጨርቅ እጠርጋለሁ። ወረቀት ከያዘብኝ ክዳኑን ከፍቼ በቀስታ እስባለሁ። "እንዳትቀጂው" አሉኝ፣ "ከተቀደደ ፍርፋሪው ውስጥ ይቀርና መከራሽን ያበላሻል።"

በዚያ ክረምት እትዬ የእህታቸው ልጅ ክርስትና ስለነበረ ደብረ ብርሃን ሄዱ፤ ቤቱን ለአንድ ሳምንት ለእኔ ትተውት። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ቁልፉን ሲሰጡኝ ደስ አለኝ፤ መኪና ውስጥ እስኪገቡ ድረስም ደስታዬን ደብቄ ቆየሁ።

ረቡዕ ዕለት ሦስት ሰዎች ገቡ። አንደኛው ነጭ ጋቢ የለበሱ ረጅም ሽማግሌ ናቸው። ሁለቱ በሃምሳዎቹ ውስጥ የሚገኙ ገበሬዎች ሲሆኑ፣ ከአንድ ማኅፀን እንደወጡ ከአፍንጫቸው ያስታውቃል። ቢሆንም አንዱ አግዳሚው ወንበር ላይ ሲቀመጡ ሌላው በሩ ላይ ቆሙ።

"ወንድማማቾች ናቸው" አሉኝ ሽማግሌው። "ለቡ ነው አገራችን። አሥራ አንድ ዓመት ሳይነጋገሩ ኖረው አሁን በስንት ልመና አስታርቀናቸዋል። የተስማሙበትን በወረቀት ካላየን አንፈርምም ስላሉ ነው ወደ አንቺ የመጣነው።"

እሳቸው እየነገሩኝ ጻፍኩ። ውሉ አራት ነጥብ ነበረው። በወሰናቸው ላይ ያለው ባሕር ዛፍ የሁለቱም ይሆናል። ከዛፉ ወዲህና ወዲያ ያለውን መሬት ሁለቱም ከእንግዲህ አይገፉም። የታናሹ ከብቶች ወደ ወንዙ የሚወርዱት በታላቁ ማሳ ዳር ባለው መንገድ ነው፤ ማንም አይከለክላቸውም። አራተኛው፣ ይህን ያፈረሰ በሽማግሌዎቹ ፊት ይጠየቃል የሚል ነው። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ሦስተኛው ላይ ስደርስ በሩ ላይ የቆሙት ታናሽ ወንድም "እሱን ድገሚልኝ" አሉ። ደገምኩላቸው። የጠባቸው ሥር ያ መንገድ እንደነበረ ያኔ ገባኝ።

ሦስት ቅጂ ማተም ጀመርኩ። አንደኛው ወጣ። ሁለተኛው ወጣ። ሦስተኛው ግማሽ ድረስ ወጥቶ ቆመ፤ ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም አለ። ክዳኑን ከፍቼ ሳብኩት። ቀስ አላልኩም፤ የታችኛው ጥግ ቅድድ ሲል ሰማሁት። ወረቀቱ ግን ሙሉ ነበር። ፊደሉ ከላይ እስከ ታች ጥቁርና ንጹሕ ነው። እንደገና ባትም ይሻል ነበር የሚል ሐሳብ ሽው እንዳለብኝ አስታውሳለሁ። ግን ቀለሙ ሊያልቅ ደርሷል፣ ዝናቡም ጋብ ስላለ ሰዎቹ ለመሄድ ተነሥተዋል። የተቀደደውን ጠርዝ በመቀስ አስተካክዬ ሰጠኋቸው። እጃቸውን መጨረሻ የዘረጉት ታናሽ ወንድም ነበሩና ያ ወረቀት ለእሳቸው ደረሰ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሽማግሌው ቤት ሊፈርሙ ተስማሙ። እስከዚያ እያንዳንዳቸው ቅጂያቸውን ቤት ወስደው ማንበብ ለሚችል ሊያስነብቡ ነው። ተመራርቀው ወጡ።

ሐሙስ መብራት ሳይኖር ዋለ፤ የሠራሁት በጽሕፈት መኪናው ብቻ ነው። ዓርብ ጠዋት ገና ቤቱን ጠርጌ ሳልጨርስ ታናሽ ወንድም ብቻቸውን መጡ። ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉን ደረታቸው ላይ ይዘውታል።

"አንቺ ልጅ" አሉኝ፣ "እዚህ ላይ ስለ መንገዱ ጽፈሽ ነበር ወይስ አልጻፍሽም?"

"ጽፌያለሁ ጋሼ። ሁለት ጊዜ አንብቤልዎታለሁ።"

"እንግዲያው አሁን አንብቢልኝ።"

ወረቀቱን ዘረጋሁት። ርእሱ አለ፣ የወንድማማቾቹ ስም አለ፣ አንደኛውና ሁለተኛው ነጥብ አሉ። ከዚያ በታች ግን ግራጫ ጭጋግ ብቻ ነበር። እዚህም እዚያም የአንዳንድ ፊደል እግር ይታያል እንጂ የሚነበብ ቃል የለም። ስምንተኛ ክፍል የምትማር ልጃቸው ማታ ልታነብላቸው ተቀምጣ እዚያ ላይ ስትደርስ ዝም ማለቷን ነገሩኝ። "ከዚህ በታች የለም አባባ" ብላቸው ሌሊቱን ሳይተኙ አደሩ።

ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌውና ታላቅ ወንድም ደረሱ፤ ታናሽዬው ጎሕ ሲቀድ ልከውባቸው ኖሯል። ታላቅ ወንድም የራሳቸውን ቅጂ ከኮታቸው ኪስ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ሙሉ ነበር፤ ሦስተኛው ነጥብም በቦታው አለ።

"ያው ነው" አሉ ታናሽ ወንድም። "የሱ አለ፣ የእኔ የለም። የጠፋው ደግሞ መንገዱ ነው።" ወደ እኔ ዞሩ። "ምን ብሎሽ ነው?"

"ምንም አላሉኝም ጋሼ።"

የታላቅ ወንድም ፊት አመድ መሰለ። በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ፣ ታናሽዬውም መለሱላቸው፤ ከቃሉ ይልቅ ድምፃቸው ገባኝ። ከዚያ ታላቅ ወንድም ወረቀታቸውን አነሡና ወደ በሩ ሄዱ። "ከዚህ በላይ አልለመንም" አሉ በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማው ይመስለኛል። ሽማግሌው ክንዳቸውን ይዘው አግዳሚው ወንበር ላይ አስቀመጧቸው።

"ዝናብ ነክቶት ይሆናል" አሉ ሽማግሌው። "ዝናብ ነው አይደል ልጄ?"

ሊያድኑኝ እንደፈለጉ ገባኝ። አዎ ብል ነገሩ እዚያው ባለቀ። ግን ወረቀቱ ደረቅ ነበር፤ ታናሽ ወንድምም ይህን ያውቃሉ። አዎ ብል ደግሞ ጥፋቱ የእሳቸው ይሆናል። ወደ ታች ሳይ የራሴን እጅ አየሁት። ወረቀቱን የያዝኩበት አውራ ጣቴ ጠቁሯል። ጥላሸት የሚመስል ደቃቅ ጥቁር ዱቄት ነው። ወረቀቱን እንደገና በጣቴ አሸሁት፤ የቀረው የፊደል እግርም ጠፋ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኩ። የጠቆረ አውራ ጣቴን አሳየኋቸው። "ማንም ምንም አላለኝም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እንዴት እንደሆነም ላሳያችሁ።"

ሦስቱም ወደ ፕሪንተሩ ዞረው አዩ።

"የዚህ ቀለም እንደ እስክሪብቶ ቀለም ፈሳሽ አይደለም፣ ዱቄት ነው" አልኩ። "መኪናው መጀመሪያ ዱቄቱን በፊደል መልክ ወረቀቱ ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ወረቀቱን በሚያቃጥል ነገር ውስጥ አሳልፎ ዱቄቱን ያቀልጠውና ያጣብቀዋል። የእርስዎ ወረቀት ግማሹ ካለፈ በኋላ ተያዘብኝ። ላይኛው ጎን እሳት አግኝቷል፣ ታችኛው አላገኘም። ሲያዩት ግን አንድ ነው የሚመስለው። እኔም መስሎኝ ሰጠሁዎት።"

ያንኑ ውል እንዲያትም አዘዝኩና ወረቀቱ ግማሽ ላይ ሲደርስ ክዳኑን በድንገት ከፈትኩት። ፕሪንተሩ ቆመ። ወረቀቱን በቀስታ፣ በጣም በቀስታ ስቤ አወጣሁና ለታናሽ ወንድም ሰጠኋቸው።

"በጣትዎ ይሹት ጋሼ። መጀመሪያ ከላይ፣ ከዚያ ከታች።"

ማሳ የሠራ ወፍራም አውራ ጣታቸውን ስማቸው ላይ አድርገው አሹት። አልጠፋም። ወደ ሦስተኛው ነጥብ ወርደው አሹ። መንገዱም ከብቶቹም አንድ ላይ ግራጫ ሆኑ። ጣታቸውን አገላብጠው አዩት። ከዚያ እጃቸውን ወደ ወንድማቸው ዘረጉ፤ ታላቅዬውም ቅጂያቸውን ሰጧቸው። በእሳቸው ቅጂ ላይ ያለውን መንገድ ደጋግመው አሹት። አልጠፋም።

"እንዲህ ነው እንዴ" አሉ ቀስ ብለው፣ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጡ። የተቀመጡት ከወንድማቸው አጠገብ ነበር፤ ሌላ ቦታ ስላልነበረ ይሁን ወይም ስለፈለጉ አላውቅም።

እኔ ግን ገና አልተገላገልኩም። አዲስ ሦስት ቅጂ ላትም ስል ወረቀቱ ወዲያው ተያዘ። ክዳኑን ከፍቼ ሳወጣው ደግሞ ተያዘ። ረቡዕ የተቀደደችው ጥግ ትዝ አለችኝ፤ ፈልጌ አላወጣኋትም ነበር። የቀለሙን ዕቃ አውጥቼ ብርሃን እንዳያበላሸው በሹራቤ ሸፈንኩት። ሽማግሌው የእትዬን የእጅ ባትሪ አብርተው ያዙልኝ። አንገቴን አጣምሜ ወደ ውስጥ ሳይ፣ ከሚሽከረከረው ጎማ ጀርባ የቴምብር ያህል ነጭ ነገር ታየኝ። ጣቴ አልደርስ አለ፤ ሲደርስ ደግሞ የጋለው ብረት የጣቴን አንጓ ጠበሰኝ። ከቦርሳዬ የቅንድብ ወረንጦዬን አውጥቼ ጫፏን ያዝኩና ሳብኳት። ወጣች።

ሁሉን መለስኩና አዘዝኩ። አሁንም ሁለት ወረቀት ተጣብቀው ገብተው ተጨማደዱ። እዚህ ላይ እንባዬ መጣ። እትዬ በሌሉበት ዕቃቸውን አበላሸሁ ብዬ አሰብኩ።

ታናሽ ወንድም ተነሥተው ከትሪው አንድ ወረቀት አነሡ። በሁለት ጣታቸው መሃል አድርገው አሻሹት፤ ጫፉንም ወደ ጉንጫቸው አስጠጉት።

"ይሄ እርጥብ ነው" አሉ። "የት ነው የምታስቀምጪው?"

በግድግዳው ሥር፣ ሊሾው ላይ ያለውን ክፍት እሽግ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው ግድግዳውን በመዳፋቸው ነኩት።

"ከመሬት ጠጥቷል። ጤፍም እንዲህ ነው። ጎተራ ከማግባቴ በፊት በእጄ ነው የማውቀው፤ ሲነኩት ልስልስ ካለ ገና ነው። ደረቅ የለሽም?"

ከመደርደሪያው ላይ ያልተከፈተ እሽግ ነበረ። ሳወርደው ተቀብለው ራሳቸው ቀደዱት፣ ነካክተውት ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ትሪውን ሞልቼ አዘዝኩ። አንደኛው ወረቀት ሳይኮማተር ወጣ። ሁለተኛው ወጣ። ሦስተኛውም ወጣ። ሦስቱም እንደ ትኩስ ዳቦ ይሞቁ ነበር።

ታናሽ ወንድም እያንዳንዱን ተቀብለው ከላይ እስከ ታች በአውራ ጣታቸው አሹት። ሦስተኛውን ነጥብ ሲያሹ ብዙ ቆዩ።

"በቃ፣ ትበሳዋለህ" አሉ ታላቅ ወንድም።

ወንድማቸው ቀና ብለው አዩአቸው። ከዚያ ሳቁ። መጀመሪያ በአፍንጫቸው፣ ቀጥሎ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ። ታላቅዬው ለመኮሳተር ሞክረው አልቻሉም። ሽማግሌው ጋቢያቸውን እያጣፉ "እንግዲህ ለእሑድ ሳቅ አስተርፉ" አሉ። እኔ ሳቅኩ ወይም አለቀስኩ፤ የትኛው እንደነበረ አልለየውም። የቀድሞዎቹን ወረቀቶች በሙሉ በፊታቸው ቀዳደድኩ። ሲወጡ ታናሽ ወንድም በሩ ላይ ቆም አሉና "ስለ ቅድሙ ይቅር በይኝ ልጄ" አሉኝ። "እርስዎ ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው።

እነሱ ሄዱ። አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጬ የተቃጠለውን ጣቴን እየነፋሁ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ተነሥቼ ያለውን ወረቀት ሁሉ ወደ መደርደሪያው አወጣሁት።

እሑድ ቀኑን ሙሉ ልቤ ለቡ ነበር። ሰኞ ጠዋት ሽማግሌው ወደ ሌላ ጉዳይ ሲያልፉ በበሩ ብቅ አሉ። "ፈርመዋል" አሉኝ። "ታናሽዬው ማንበብ ባይችልም ወረቀቱን በጣቱ አሽቶ ነው የፈረመው። ዛሬ ጠዋት ከብቶቹ ወርደዋል፤ እኔው ራሴ ቆሜ አየሁ።"

እትዬ ማክሰኞ ሲመለሱ ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ ሁሉን ነገርኳቸው። ስጨርስ የተቃጠለውን ጣቴን ይዘው ወደ ብርሃን አቅርበው አዩት።

"እኔም መጀመሪያ ሰሞን እንዲህ ያለ ወረቀት ለሰው ሰጥቻለሁ" አሉ። "ሰውዬው ግን ተመልሶ አልመጣም። ምን እንደደረሰበት እስካሁን አላውቅም። ያንቺ ተመልሰው መምጣታቸው ትልቅ ነገር ነው።"

ነጠላቸውን አውልቀው ሰቀሉ፣ የፕሪንተሩን ጨርቅ ገለጥ አድርገው ውስጡን አዩና መልሰው ሸፈኑት። አንዲት ሴት ማመልከቻ ልታስጽፍ ገባች፤ እትዬም በዓይናቸው ወደ ኮምፒውተሩ ጠቆሙኝ። ሄጄ ተቀመጥኩ።