ላሜራዎቹን ያስተኛሁበት ቀን

የልጄን የሥራ ጋወን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳጥብላት ከኪሷ እንደ አተር የተድበለበለ ፕላስተር ወጣ። ጥቁር ነው፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሽቦ የሚያስሩበት ዓይነት። የሚጣበቀው በኩል የጥጥ ብናኝ ይዟል። ጋወኑን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። የማሽን ዘይት፣ ክር እንዲጠነክር የሚቀቡት ሙጫ፣ የደረቀ ጥጥ። ከሃያ ዓመት በላይ ያልሸተተኝ ሽታ ነው። ሳፋው አጠገብ እንደዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ልጄ ከከተማ ወጣ ብሎ የተከፈተ የጨርቅ ፋብሪካ ከገባች አራት ወሯ ነው። ማታ ስትመጣ ፕላስተሩን አሳይቼ ምንድነው አልኳት። ሳቀች።

"እማ፣ የኛ ማሽን ዓይን አለው። እጅ ሲጠጋው በራሱ ቀጥ ይላል። ታዲያ ብናኝ ባለፈ ቁጥር እየቆመ ሲያስቸግረን እሱን እንለጥፍበታለን።"

"ማነው የሚለጥፈው?"

"ሁላችንም ነና! አንቺ ደግሞ፣ ስትፈሪ ነው የምትኖሪው።"

እውነቷን ነው። እፈራለሁ። ስትገባ መጀመሪያ የማየው ፊቷን አይደለም፣ ጣቶቿን ነው። የፋብሪካው ሰርቪስ ትንሽ ከዘገየ በረንዳ ላይ ወጥቼ ከላይ ወደ ታች መንገዱን እያየሁ እቆማለሁ፤ ጎረቤቶች ሙቀት የምሸሽ ይመስላቸዋል። ለምን እንደምፈራ ግን ለሷም ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር።

ይኸውላችሁ፣ ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ትቼዋለሁ። ከልደታ ማርያም ቁልቁል ሲወረድ፣ አሁን ፎቅ የቆመበት ቦታ ሁሉ፣ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ የተደገፈ ሰፈር ነበር፤ እዚያ ነው ያደግኩት። ፋብሪካው ከኛ ዝቅ ብሎ ወንዙ ዳር ነበር። ትልቅ አልነበረም፣ አንድ አዳራሽ ነው። ጣሪያው እንደ መጋዝ ጥርስ ነበር፤ በጥርሶቹ መሀል ባሉት መስተዋቶች የሚገባው የጠዋት ብርሃን በጥጡ ብናኝ ውስጥ ሲያልፍ ከላይ ዱቄት የሚነፋ ሰው ያለ ይመስላል። ስንወጣ ቅንድባችን ነጭ ነው። ጫጫታው ደግሞ ቤታችን ድረስ ይከተለን ነበር። ሰፈር ውስጥ የፋብሪካ ሴት በድምጿ ነው የምትታወቀው፤ ጨው ልትበደር መጥታ እንኳ ትጮሃለች።

እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ፣ ካልነገርኳችሁ የኔ ጥፋት አይገባችሁም። ማሽኑ ላይ የሚዘረጋው ድር ስፍር ቁጥር የሌለው ክር ነው። በእያንዳንዱ ክር ላይ እንደ ምላጭ የሳሳ አንዳንድ ብረት ተንጠልጥሏል። ላሜራ እንለው ነበር። ክሩ እስከተወጠረ ድረስ ላሜራውን ተሸክሞት ይኖራል። ክሩ ሲበጠስ ላሜራው ይወድቅና ከሥር ያለውን ብረት ይነካል፤ ኤሌክትሪኩ ይገናኝና ማሽኑ ባለበት ቀጥ ይላል። ሄዶ ክሩን መቀጠል፣ ማስነሳት ነው።

ክራችን ግን የማይረባ ነበር። ሙቀት ሲሆን ይደርቅና ይበጣጠሳል። ለአንዲት ሴት አራት ማሽን ነው የሚሰጣት፤ አንዱን አስነስታ ዞር ስትል ሌላው ቆሟል። ካቦው፣ አለቃችን ማለቴ ነው፣ ስንት ሜትር ጨርቅ ወጣ ነው እንጂ ክሩ እንዴት ነበር አይልም። ስለዚህ ሴቶቹ ዘዴ አበጁ። ቁራጭ ጨርቅ በላሜራዎቹና በሥረኛው ብረት መሀል ይሰገስጋሉ። ላሜራው ቢወድቅ ጨርቁ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ማሽኑ ምንም ሳያውቅ ይሄዳል። ማስተኛት ነበር የምንለው። "ማሽኖቼን አስተኚልኝ፣ ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ" እንባባላለን። አዲስ ገቢ ስትመጣ መጀመሪያ የምናሳያት ክር መቀጠል ነው፤ ቀጥሎ ማስተኛት።

ጓደኛዬ ብቻ አታስተኛም። አጥር የምትጋራኝ ጎረቤቴ ናት፣ አብረን አድገን በአንድ ቀን ተቀጥረን ማሽኖቻችን ጎን ለጎን ነበሩ። ረጅም ነበረች፤ ስትስቅ ጎንበስ ብላ የሰው ትከሻ ትይዛለች። ሴቶቹ ይተርቧታል።

"ላሜራዎቹ የነፍስ አባቶቿ ናቸው፣ ሳይፈቅዱላት አትንቀሳቀስም!"

"ተሳለቁ፣" ትላለች። "እኔ የት እንደተበጠሰ ካልተነገረኝ በምን ልወቀው? እንደናንተ ጠንቋይ አይደለሁ።"

በዚያ ዓመት እናቷ በጠና ታመው ነበር፤ ይተርፋሉ ያለ ሰው አልነበረም። ጓደኛዬ እናቴን ካተረፍሽልኝ ብላ ለልደታ ጃንጥላ ተሳለች። እናትየዋም ዳኑ። ግንቦት ልደታ ሲደርስ ታዲያ የጠዋት ፈረቃ ደረሰን። ወርቃማ ዘርፍ ያለውን ጃንጥላ በነጠላ ጠቅልላ፣ ይዛው ገብታ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ አስቀመጠችው። ካቦውን ስትለምነው አጠገቧ ነበርኩ።

"አንድ ሰዓት ብቻ ጋሼ። ታቦቱ ሳይገባ ሰጥቼ ሮጬ እመለሳለሁ።"

"አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ግማሹ አዳራሽ ልደታን የተሳለ ነው። ሁላችሁንም ልልቀቅና ማሽኑን እኔ ቆሜ ልዘምርለት?"

ሄደ። እሷ ክር እየቀጠለች እንባዋ ይወርዳል። አላስቻለኝም። ጆሮዋ ላይ አፌን ገጥሜ፣ "ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ ሂጂ፣ እኔ አያቸዋለሁ" አልኳት።

"ስምንት ማሽን? አብደሻል?"

"ሂጂ እልሻለሁ!"

ትንሽ አሰበችና እሷም በተራዋ ጆሮዬን ያዘችኝ። "እንዳታስተኚብኝ ግን።"

"አላስተኛም።"

"በልደታ?"

"በልደታ።"

ሄደች። በሩ ላይ ያሉት ዘበኛ ጃንጥላውን አይተው "እኔ አላየሁሽም፣ ግን ለእኔም ጸልዪልኝ" ብለው እንዳሳለፏት በኋላ ሰማሁ።

ለትንሽ ጊዜ ሆነልኝ። ከወዲህ ወዲያ እየሮጥኩ እቀጥላለሁ፣ አስነሳለሁ። ከዚያ የሷ ሁለቱ ባንድ ላይ ቆሙ፣ የኔም አንዱ ቆመ፣ ክሩ ላብ ባረጠበው ጣቴ አልያዝ አለኝ። ቀና ስል ካቦው ከወዲያኛው ጫፍ እየመጣ ነው። ባለቤት የሌላቸው ማሽኖች ቆመው ካየ እሷ አለቀላት። ከሽርጤ ኪስ ውስጥ ጨርቆቹን አወጣሁ፤ ሁሌ አይጠፉም። የሁለቱን ክር እንደምንም ቋጠርኩና የሷን አራቱንም አስተኛኋቸው።

"የት ሄደች?" አለኝ በእጁ።

"ሽንት ቤት" አልኩት በእጄ።

አራቱም ማሽን ሲሠራ አይቶ አለፈ። ለሷ ብዬ ነው ያደረግኩት። ይህችን ቃል ለራሴ ስንት ጊዜ እንዳልኳት አልቆጥረውም።

ስትመለስ ፀጉሯ በጠበል ርሶ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል። ፊቷ ሌላ ሰው ሆኗል። በወረቀት የተጠቀለለ ንፍሮ ይዛለች፤ እናቷ ለልደታ ብለው በጠዋት የቀቀሉት ነው፣ ገና ይሞቃል። ምንም ሳትለኝ አንድ እፍኝ አፌ ውስጥ ሞጀረችው።

"ተቀበሉኝ! ቄሱ እዚያው ዘረጉት፣ ብታዪ!" ብላ ጆሮዬ ላይ ጮኸች። ከዚያ ማሽኖቿን አየች። አራቱም እየሄዱ ነው። "ጉድ ነሽ እኮ! አንድም አልቆመ!" ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌ በንፍሮ ተሞልቷል፣ እሱም አንድ ነገር ነው፤ ግን እሱ አይደለም ያስቆመኝ። በልደታ ምያለሁ። ከጠበሉ ገና ሳትደርቅ መሐላውን አፈረስኩት ማለት አሳፈረኝ። ነጠላዋን ልታስቀምጥ ስትሄድ ጨርቆቹን መዝዤ አወጣቸዋለሁ፣ ሳታውቅ ያልፋል ብዬ አሰብኩ።

ነጠላዋን ልታስቀምጥ አልሄደችም። ወገቧ ላይ ጠምጥማው በቀጥታ ወደ ሦስተኛው ማሽን ሄዳ የተሸመነውን ልታይ አጎነበሰች። አልፈራችም። ምን ያስፈራታል፤ የሷ ማሽን እየሄደ ከሆነ የተበጠሰ ክር የለም ማለት ነው። ከኋላ በኩል ግን ክሩ ተበጥሶ ከጎረቤቶቹ ጋር ተተብትቦ ኖሯል። መወርወሪያው፣ ማግ ይዞ ከዳር ዳር የሚሮጠው ጫፉ ብረት የሆነው እንጨት፣ የተተበተበው ላይ ሲደርስ ነጥሮ ወጣ።

ድምፅ አልሰማሁም። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ምን ይሰማል። ያየሁት ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ቀስ ብላ ስትቀመጥ ነው፣ ደክሟት የተቀመጠች ሴት ነበር የምትመስለው። ከዚያ በጣቶቿ መሀል ደሙ መጣ።

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ሮጠ። እኔ ወደ ማሽኖቹ ሮጥኩ። ጨርቆቹን እየመዘዝኩ ደረቴ ውስጥ ከተትኩ። ሦስተኛው መወርወሪያው ስለወጣ በራሱ ቆሟል፤ ከቀሩት ሦስቱ ሁለቱ ጨርቁን እንደመዘዝኩላቸው ቀጥ አሉ። እነሱም ተበጥሰው ነበር ማለት ነው። ይህን ያወቅኩ እኔ ብቻ ነኝ።

መካኒኩ ሽማግሌ ነበሩ፣ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ። ሦስተኛውን ማሽን ሲያዩት ቆዩና ለካቦው፣ "ላሜራው ወድቋል፣ ማሽኑ ግን አልቆመም። ሽቦው ደኅና ነው። አስተኝተውታል" አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ ጎረቤቷ አንቺ ነሽ። ታስተኛ ነበር እንዴ?"

"እኔ ምን አውቄ ጋሼ። የራሴን ነው የማየው።"

እንደማታስተኛ ያላወቀ ሴት አልነበረም። ግን ሁላችንም እናስተኛለን፤ አንዷ አፏን ብትከፍት የሁላችንም ሊወጣ ነው። ሁሉም መሬት መሬት አየ። ያለ ፈቃድ ሥራ ጥላ ሄዳ፣ ማሽኗን አስተኝታ ነው ተባለ፤ በወረቀት ተጻፈባት። ዓይኗ ሳይድን ከሥራ ተሰናበተች። ዓይኗም አልዳነም። ግራው ጠፋ።

ሆስፒታል በየቀኑ እሄዳለሁ። ብርቱካን ልጬ አጎርሳታለሁ፣ ፀጉሯን እሠራታለሁ። እሷ ቁስሉን አይደለም የምታነሳው። "ለምንድነው ያልቆመው?" ነው የምትለኝ። "ሁሌ ይቆም ነበር እኮ። ለምን አልቆመም?" አንድ ቀን እናቷ እኔ ፊት፣ "ልጄ፣ ምናልባት ይቺ ረስታ አስተኝታው ይሆን?" አሉ፣ በክፉ አይደለም። ጓደኛዬ እንዲያ ተቆጥታ አይቻት አላውቅም።

"በልደታ ምላልኛለች እማዬ! በልደታ ምላ ታስተኛለች? እኚያ ሽማግሌ ናቸው የዋሹት!"

ብርቱካኑን መላጥ ቀጠልኩ።

ይህን ሁሉ ባለፈው እሑድ ለልጄ ነገርኳት። ምሳዋ ፊቷ ቀርቦ ቀዘቀዘ። በመሀል ቀና ብላ ብዙ ጊዜ አየችኝ፤ ልጅ እናቷን እንደዚያ ስታይ ደስ አይልም። ስጨርስ "ነገ አነሳዋለሁ፣ ፕላስተሩን" አለችኝ። ከልቧ ይሁን ለእኔ ብላ አላወቅኩም፤ እኔም ሄጄ አላይ። ሰኞም ማክሰኞም በረንዳው ላይ ቆሜያለሁ።

ሳህኑን ስታነሳ ግን ጠየቀችኝ። "ለሷስ ነገርሻት?"

ልነግራት ሄጄ ነበር አልኳት። ሥራም ስላጣች ሰፈሩም ስላስጠላት ከእናቷ ጋር ወደ አምቦ በኩል ወደ ዘመዶቻቸው ሊሄዱ ሲሉ፣ ጠዋት አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘኋቸው። ዛሬ እነግራታለሁ ብዬ ነው የወጣሁት። ሻንጣውን ስንሸከም እነግራታለሁ አልኩ። ስትስመኝ እነግራታለሁ አልኩ። አውቶቡሱ ላይ ወጥታ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠችና "እዚያ ቁሚ፣ እስክንሄድ ልይሽ" አለችኝ። ሰዉ ገፋ ገፋ ሲያደርገኝ ወደ ግራዋ፣ ወደማታይበት ጎን ዞርኩ። ልመለስ ብል እመለስ ነበር፣ መንገድ ነበረኝ። እዚያው ቆምኩ።

አውቶቡሱ ሲነሳ አንገቷን አውጥታ ፈለገችኝ። ወደ ቀኝ ነው የምታየው። እጄን ብዘረጋ እነካት ነበር፤ ፋሻው አጠገብ ያለውን ፀጉሯን፣ እኔ የሠራሁትን ሹሩባ አየዋለሁ። "እማዬ፣ የት ሄደች?" ስትል ሰማኋት። አለሁ ብላት ትዞር ነበር።

እሷም ከሰዉ መሀል አንዷን እኔ አድርጋት ነው መሰለኝ ፈገግ አለችና፣ ፊቷን ወደዚያ አድርጋ እጇን እያውለበለበች ሄደች።