ሽማግሌ የማይጠብቅ ፓስታ

እኔ ወጥ ቤት ነኝ። እንዲህ ስል የሚያፍርልኝ ሰው አይጠፋም፤ እኔ ግን አንድ ቀን አፍሬበት አላውቅም። ጺሜ ሳይበቅል ከኮምቦልቻ በአሰብ መንገድ ወርጄ መርከብ ላይ ተቀጠርኩ። ድንች ልጬ፣ ድስት ፈግፍጌ፣ በመጨረሻ ኩሽናውን በሙሉ ተረከብኩ። ወደብ ስንደርስ ጓደኞቼ ወደ መጠጥ ቤት ሲሮጡ እኔ የሰው ጓዳ ነበር የምሄደው። ናፖሊ ላይ የአንድ የወደብ ሠራተኛ ሚስት ከየፓኬቱ የተራረፈውን ፓስታ ሰብስባ ከቦሎቄ ጋር እንዴት እንደምታበስል አሳየችኝ። «የድሃ ምግብ ነው» አለችኝ፤ እኔ ድስቱን ጠራርጌ በላሁላት። ኢዝሚር ደግሞ አንዲት አሮጊት ሊጡን ዳምጣ፣ በቢላ በቀጭኑ ቆራርጣ፣ በእርጎና በነጭ ሽንኩርት አበላችኝ።

ልቤን የወሰደችው ግን የትሪፖሊዋ ናት። የአንድ ጫኝና አውራጅ እናት ነበረች። የበግ ሥጋውን፣ ሽምብራውን፣ የቲማቲም ድልሁንና በርበሬውን አንድ ድስት ውስጥ ታንተከትክና ደረቁን ፓስታ ሰባብራ እዚያው መረቁ ውስጥ ትጨምረዋለች። የሚጠለል ውሃ የለም፤ ፓስታው መረቁን ጠጥቶ ነው የሚበስለው። «እንግዳ በር ሲያንኳኳ ጨምረው። ከገባ በኋላ ማንንም አይጠብቅም» አለችኝ። ስንቱን ወደብ ስዞር እንደዚያ ወጥ ወጥ የሚል ፓስታ ገጥሞኝ አያውቅም።

ባለቤቴ ልጃችን ገና ስትድህ ሞተችብኝ። ያኔ ባሕሩን ተውኩ። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ልጄን ይዤ ሲያትል ገባሁ፤ እዚህም ያው ወጥ ቤት። ልጄ ያደገችው በእነዚያ ሴቶች ፓስታ ነው ማለት ይቻላል። ጥናቷን ስታጠና አበስላለሁ፣ ስትታመም አበስላለሁ፣ ስታኮርፈኝም አበስላለሁ። ነርስነት ተምራ ስትመረቅ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ከእኔ በላይ የኮራ ሰው በአዳራሹ አልነበረም።

ታዲያ አንድ ልጅ ወደዳት፣ እሷም ወደደችው። እዚሁ አጠገባችን ኦበርን ከተማ መጋዘን ውስጥ የሚሠራ ጨዋ ልጅ ነው። ያሳደገው አጎቱ ነው፤ ያለ አጎቱ ምርቃት እርምጃ አይራመድም። አጎትየው ሽማግሌ ሆኖ ሊመጣ ቀን ከተቆረጠ በኋላ ታክሲ የሚነዳው ወዳጄ ወሬ ይዞልኝ መጣ። «አይከፋህ እንጂ፣ ሰውየው እኮ አላማረውም። ‹እናት የላት፤ የወንድ ጓዳ ያሳደጋት ልጅ ምን ባልትና ታውቃለች? ቤቱን አይቼ እወስናለሁ› ብሏል» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ምን አባቱ! ወዳጄ ሊያበርደኝ ሞከረ። «ሶ፣ እዚህ ኦቴሎ ሰፈር ካሉት ሴቶች አንዷ ዶሮ ትሥራልህና በሷ እጅ እንገላገል።» ልጄም ፈርታለች። «አባዬ፣ ፕሊስ፣ ፓስታ እንዳታቀርብ። ዶሮ ኦርደር እናድርግ።»

«አንቺን ያሳደግኩበትን ነው የማቀርበው» አልኩ። «በሰው ዶሮ ልጅ አልድርም!»

ቀኑ ደረሰ። ሥጋውን ዋይት ሴንተር ካለው ሐላል ሥጋ ቤት ራሴ መርጬ ገዛሁ። መረቁ ከጠዋት ጀምሮ ተንተክትኳል፣ ቤቱ ተወልውሏል፣ ወዳጄ ከረባት አስሯል። ልጄ ወጉ ነውና መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘግታለች። በሩ ሲንኳኳ ትሪፖሊዋ እንዳለችኝ ፓስታውን ጨመር አደረግኩና ሄጄ ከፈትኩ።

ሦስት ሽማግሌዎች፣ ካፖርታቸው ዝናብ ያንጠባጥባል። አጎትየው ከፊት ነው።

«ግቡ፣ ግቡ! ተቀመጡ!»

«አንቀመጥም» አለ አጎትየው። «ለጉዳይ ነው የመጣነው። ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም።»

ወይ ጉድ! ይህን እንዴት ረሳሁት? ሽማግሌ ለልጅ ሲላክ እንደማይቀመጥ የማያውቅ አበሻ አለ? የባሕር ሰው መሆን ይህ ነው፤ የስንቱን አገር ወግ ስለቅም የራሴን ዘነጋሁት።

አጎትየው ዱዓ ጀመረ። ከነቢያችን ተነሥቶ፣ በወሎ መሻይኾች አልፎ፣ የአያት ቅድመ አያቱን ዘር ሊቆጥር ነው። ቆመን አሚን፣ አሚን እንላለን። ጆሮዬ ግን ድስቱ ጋ ነው። ወጥ ቤት በጆሮው ያውቃል፤ መረቁ ሲቀጥን ኩልኩል ይላል፣ ሲወፍር ቡፍ ቡፍ ማለት ይጀምራል። ጥዬ ብሄድ ንቀት ነው። ብቆም ደግሞ ገንፎ ላቀርብላቸው ነው፤ «የወንድ ጓዳ ያሳደጋት» ያለው ሰው ገንፎ በልቶ ሊወጣ! የልጄ ነገር እዚያ ድስት ውስጥ እየላሸቀ ነበር። ወዳጄ አሁን የሚባለውን እንድል በክርኑ ጎሸመኝ፤ «ዘመድ እናማክር፣ በሌላ ቀን ተመለሱ» ነው ወጉ።

ድስቱ ቡፍ አለ።

«ልጄ!» ብዬ ጮህኩ። «ነይ ውጪ!»

ሽማግሌዎቹ ክው አሉ። ልጄ ነጠላዋን በእጇ ጨብጣ በሩ ላይ ቆመች።

«ትወጂዋለሽ?»

«የስ፣ አባዬ።» ፊቷ ፍም መሰለ።

«ሰጥቻለሁ! በሉ ተቀመጡ።»

«ላ ኢላሃ ኢለላህ!» አለ አጎትየው። «ወንድሜ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም? ልጅ እንዲህ ይሰጣል? አመላልሶ ነው እንጂ!»

«ዓመት ብትመላለሱም መልሱ ያው ነው። ፓስታው ግን አይጠብቅም። በአላህ ተቀመጡ!» ብያቸው ወደ ጓዳ ሮጥኩ።

ደርሼበታለሁ። ገና ያልላሸቀ፣ ጥርስ የሚይዘው፣ መረቁን ልክ የጠጣ ፓስታ ነበር። በትልቁ ትሪ ገልብጬ፣ ሥጋውን መሐል ደርድሬ፣ ደረቅ የናና ቅጠል ነስንሼ ይዤ ስወጣ ሦስቱም ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ሽማግሌ ሳቁን አፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ቢስሚላህ ተባለ። አጎትየው አንድ ጎረሰ። ሁለተኛ ጎረሰ። ከዚያ አንገቱን ቀና አድርጎ የነበረው ሰውዬ አቀርቅሮ ይበላ ጀመር። ወዳጄ በትሪው ላይ ጠቀሰኝ።

በመጨረሻ አጎትየው እጁን ጠረገና «እጅህ ይባረክ። ጣት ያስቆረጥማል» አለኝ። ልቤ ሞላ። ቀጥሎ ግን የፈራሁትን ጠየቀኝ።

«ልጅቱ ይህን ትችለዋለች?»

መዋሸት እችል ነበር። ወዳጄ በዓይኑ «አዎ በል» እያለኝ ነው።

«አትችልም» አልኩ። «እንቁላል እንኳ ያርርባታል። ሌሊት የሰው በሽተኛ ስታስታምም አድራ ስትመጣ ያበላኋት እኔ ነኝ፤ ጓዳ እንድትገባ አልፈለግኩም። ነርስ ነው ያደረግኳት። የምድረው እሷን ነው፤ ወጥ ሠሪ ከፈለጋችሁ እኔ አለሁ፣ ለጋብቻ ግን አልደርስም።»

ልጄ ተመልሳ ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ ቆማ እንደምትሰማ አውቃለሁ። አጎትየው ጢሙን እየዳበሰ ትሪውን አየው፤ አንድ ሽምብራ ቀርታ ነበር፣ አነሥቶ ጎረሳት።

«የእኛም ልጅ ውሃ ማፍላት አይችልም» አለ። «ከሁለቱ አንዱማ መቻል አለበት። ቅዳሜ ልላክልህ፣ ታስተምረዋለህ?»

እኔ፣ በስንት ማዕበል ድስት ያልደፋሁ ሰውዬ፣ ባዶውን ትሪ ሳነሣ ከእጄ አመለጠኝ። «ይምጣ» ብቻ አልኩ።

ቅዳሜ ልጁ የሥራ ጫማውን እንዳደረገ መጣ። በሩን ስከፍት ከኋላው አጎትየውም ቆሟል።

«እኔ ለማየት ብቻ ነው» አለኝ።

ለእሱም ሽንኩርትና ቢላ ሰጠሁት።